ምክንያት፦ ሌላ

ሳምንት 1፣ ሰኞ

መዝገቤን ወሰዱብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በብብቴ ይዤው የዞርኩትን ሰማያዊ መዝገብ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሁለት እጁ ተቀብሎ ካርቶን ውስጥ ከተተው። ከእንግዲህ የተማሪ ጠባይ የሚመዘገበው በድረ ገጽ ነው ተባልን። እያንዳንዱ ተማሪ መቶ ነጥብ ይዞ ይጀምራል። ባጠፋ ቁጥር ሁለት ይቀነስበታል፤ በተቀነሰበት ቁጥር ደግሞ ወዲያው ለአሳዳጊው ስልክ መልእክት ይሄዳል። ከሃምሳ በታች የወረደ የብቃት ምዘና አይቀመጥም። ምዘና ያላለፈ በያጅ የሙያ ፈቃድ የለውም፤ ፈቃድ የሌለው ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሰው አጥር ሲጠግን ይኖራል።

"እትዬ፣ ለእርስዎ ትንሽ ሊከብድዎት ይችላል" አለኝ ምክትሉ፣ በሰው ፊት። ከእኔ ሥር ሆኖ ላሜራ ሲቆርጥ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ቀጥ አድርጎ ቆርጦ አያውቅም።

"ከብረት የከበደ ነገር እስካሁን አልገጠመኝም" አልኩት። መምህራኑ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ።

ይህን ደብተር ስመለስ ገዛሁት። የሆነ ቦታ መጻፍ አለብኝ፤ ይሄን ደግሞ ማንም ካርቶን ውስጥ አይከተውም።

ሳምንት 1፣ ዓርብ

ለባሌ ነገርኩት። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መኪናው ላይ መቆጣጠሪያ ከገጠሙበት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

"እንኳን ወደኛ ሰፈር በደህና መጣሽ" አለኝ እግሩን እየታጠበ። "የኔው ድንገት ፍሬን ከያዝኩ 'ሹፌሩ ቸልተኛ ነው' ብሎ ይጽፍብኛል። ሕፃን እንደገባብኝ አይጽፍም።"

"ታዲያ ምን ታደርጋለህ?"

"ምን አደርጋለሁ? ሲጠሩኝ ሄጄ እፈርማለሁ።"

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንልኝም አልኩት። "አንቺማ መቼ ሆኖልሽ ያውቃል" ብሎ ፎጣውን ወረወረልኝ።

ሳምንት 2፣ ማክሰኞ

ይኸው ቀይ መጣብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብየዳ ክፍል ሥራ አልቆ ሁሉም ሲወጣ አንድ ሰው ሠላሳ ደቂቃ ይቀራል። ፍንጣሪ ተንኮለኛ ነው፤ ጨርቅ ሥር፣ የጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይተኛና በር ከተቆለፈ በኋላ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ባልዲና እሳት ማጥፊያ አጠገቡ አድርጎ፣ እየዞረ በእጁ እየዳሰሰ የሚጠብቅ ተማሪ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። እኔ ዘንድ እሳት ያልጠበቀ ተማሪ በያጅ አይባልም። ድሮ ከስሙ ጎን "እሳት" ብዬ በመዝገቤ እጽፍ ነበር፣ በቃ።

አሁን ተማሪ ሲገባም ሲወጣም በር ላይ ካርድ ያስነካል። ከሰዓት አልፎ የቆየ ስሙ በቀይ ስልኬ ላይ ይመጣና "ምክንያት ይምረጡ" ይለኛል። ሕመም፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ ቅጣት፣ ሌላ። እሳት ጥበቃ የሚል የለም። ከሥር ማስታወሻ የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን አለ፤ ግን በእነዚህ የተቃጠሉ ጣቶቼ በዚያች ጠባብ መስታወት ላይ ፊደል ስለቅም ላምሽ? "ሌላ" የሚለውን ነካሁ። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። ተገላገልኩ።

ሳምንት 3፣ ሐሙስ

ቀይ አንድ። ሌላ። አረንጓዴ። ኤሌክትሮድ አልቋል፣ ግዢ ክፍል ነገ ይላል። ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ነገ ነው።

ሳምንት 4፣ ሰኞ

የእሳት ጥበቃው ተራ ፈረሰ። ረጅሙ ልጅ ወንበር ላይ ተኝቶ አገኘሁት፣ ባልዲው ባዶ። ከእሱ በፊት ተረኛ የነበረችው ደግሞ ውጪ ቆማ ስልክ ስታወራ ነበር። ደሜ ፈላ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ እኮ ሰባ የልብስ ስፌት ተማሪዎች አሉ። ከእንግዲህ አብዛኛውን ቀን ጉንዳን ትጠብቅ ብያለሁ።

ጉንዳን ያሏት ጓደኞቿ ናቸው። ቁመቷ ከብየዳ ጠረጴዛው ብዙም አያልፍም፣ ግን ከራሷ የሚረዝም አንግል ብረት ተሸክማ ትሮጣለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወላጆች የሏትም፤ ያሳደጋት አናጢው ታላቅ ወንድሟ ነው። ስትበይድ እጇ አይንቀጠቀጥም። እሳት ስትጠብቅ ደግሞ ጨርቆቹን አንድ በአንድ እያነሳች ታሸታለች፤ ይህን ማንም አላስተማራትም፣ እኔም አላስተማርኳትም።

"እሺ ቲቸር" አለችኝ።

ሳምንት 4፣ ዓርብ

የክፍል ኃላፊያችን ጡረታ ሊወጡ ነው። ቦታው ለማን ይሰጣል የሚል ወሬ ተነስቷል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ የምዝገባ ሙሉነት ነው አሉ፤ ማን በየቀኑ ሳያጎድል እንዳስገባ የሚያሳይ ዝርዝር ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል። እኔ አንደኛ ነኝ፣ መቶ ከመቶ። ለማየት ብዬ አይደለም በዚያ በኩል ያለፍኩት፤ መጸዳጃ ቤቱ በዚያ ነው። ለኃላፊነቱ ግድ የለኝም።

ሳምንት 5፣ ረቡዕ

ስብሰባ ነበር። ተነስቼ "ይህ ነገር ሰውን እንደ ብሎን ቆጥሮ ሣጥን መክተት ነው" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የኤሌክትሪኩ መምህር "አንቺ ባትኖሪ ማን ይናገርልን ነበር" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ስብሰባው ሲበተን እዚያው ወንበሬ ላይ እንዳለሁ የዕለቱን አስገባሁ። ቀይ አንድ። ሌላ።

ሳምንት 6፣ ረቡዕ

የጉንዳን ዓይን አብጧል። "ፍንጣሪ ነው?" ስላት "ፍንጣሪ ነው" አለችኝ። ጭንብሏን አገላብጬ አየሁት፣ ምንም ቀዳዳ የለውም።

ዕቃ ክፍል ሆኜ ሁለት ልጃገረዶች በመደርደሪያው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። "ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ሰዓት ይይዝባታል እኮ።" "ታዲያ የት ታመሻለች?" "እኔ ምን አውቃለሁ፣ መልእክቱ ሌላ ነው የሚለው።" ማንን እንደሚያሙ አላወቅኩም።

ሳምንት 7፣ ማክሰኞ

ጉንዳን ከሥራ በኋላ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች።

"ቲቸር፣ ነጥቤ ለምንድን ነው የሚወርደው? ሰባ ሁለት ገብቷል። አርፍጄ አላውቅም። አጥፍቼም እንደሆነ ይንገሩኝ።"

"ምን አጠፋሽና? ማሽኑ ነው የኔ ልጅ። ማሽን ምን ያውቃል!"

ወዲያው መረጃ ክፍል ወጥቼ ድረ ገጹን የምትቆጣጠረው ባለሙያ ላይ ጮህኩባት። ያቺ ልጅ ከእናንተ ሕንፃ ሁሉ ትበልጣለች አልኳት። ባለሙያዋ እስክጨርስ ሰማችኝና "እትዬ፣ ይቀመጡና አንድ ነገር ላሳይዎት" አለች። ጊዜ የለኝም ብያት ወጣሁ። ቢያንስ አንድ ሰው የልቡን ሲናገር ሰምተዋል።

ሳምንት 8፣ ሐሙስ

እንደገና መጣች። ስድሳ ሁለት ሆኗል። በዚህ ጊዜ ዓይኔን አላየችኝም።

"ቲቸር፣ እሳት ጥበቃውን ለሌላ ሰው ቢሰጡት። ወንድሜ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል። ስልኬን ወስዶብኛል። አሁን ደግሞ ጭራሽ አያናግረኝም።"

"ማንን ልመን? ያን እንቅልፋም? ትንሽ ጊዜ ነው የቀረው፣ ቻዪው። ማሽኑን እኔ አስተካክለዋለሁ።"

ሄዳ ባልዲዋን ሞላች። የሚገርመው እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት ነው፤ እንዲህ ያለች ልጅ አፈራሁ ብዬ።

ሳምንት 9

ቀይ። ሌላ። ቀይ። ሌላ። ቀይ። የምዝገባ ሙሉነት አሁንም አንደኛ።

ሳምንት 10፣ ሰኞ

ምዘና የማይቀመጡ ተማሪዎች ስም ተለጠፈ። ከብየዳ ክፍል ሦስት ናቸው። ሁለቱ የታወቁ ናቸው። ሦስተኛዋ ጉንዳን ናት፣ አርባ ስምንት ነጥብ።

በሩን ሳላንኳኳ ነው ምክትሉ ቢሮ የገባሁት። "ከዚህ ትምህርት ቤት አንድ በያጅ ብቻ ይውጣ ብትለኝ እሷን ነው የማወጣው! የትኛው ዓይነ ስውር ነው ይህን ያስገባው?"

የመረጃ ክፍሏን ባለሙያ ጠራት። ባለሙያዋ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ሃያ ስድስት መስመር። ከሰዓት ውጪ የቆየችበት ቀን፣ ምክንያት ሌላ፣ ሁለት ነጥብ ቅናሽ፣ መልእክት ለአሳዳጊ ተልኳል። ያስገባው በሚለው አምድ ሥር ከላይ እስከ ታች አንድ መለያ ቁጥር። የእኔ።

"ማስታወሻ መጻፊያ ሳጥን እኮ ነበረ እትዬ" አለችኝ ቀስ ብላ። "አንድ ቃል ከተጻፈበት ነጥብም አይቀንስ፣ መልእክትም አይልክ። ያን ዕለት ሲመጡ ላሳይዎት ነበር።"

"ሳጥን የሚባል አላየሁም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አልኩ።

ሳምንት 10፣ እሑድ ከሰዓት

ባሌ ሥራ ላይ ነው። ቤቱ ጭር ብሏል። ጠዋት ይህን ደብተር ይዤ ስለ ማሽኑ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ ማን ሠራው፣ ማን አመጣው፣ ማን ፈቀደለት እያልኩ። ጥሩ አድርጌም ጻፍኩት። ከዚያ መቼ ነው የጀመረው ብዬ ወደ ኋላ ስገልጥ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደረስኩ። "ከሥር ማስታወሻ የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን አለ" ይላል። በራሴ እጅ። ስድስት ቃል።

ሁለቱን ገጽ ቀደድኳቸው።

አይቼዋለሁ። በየቀኑ አይቼዋለሁ። "እሳት" ብሎ መጻፍ ሦስት ፊደል ነው፤ ሦስት ፊደል! በመዝገቤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽፌዋለሁ። አልጻፍኩም፤ የእነሱን ነገር አላሳምርላቸውም ብዬ። ደግሞም ቀዩ ቶሎ አረንጓዴ እንዲሆን። ደግሞም ያ ዝርዝር። ስብሰባ ላይ አንበሳ ነኝ፣ ወንበሬ ላይ ግን "ሌላ" የሚለውን እነካለሁ። እምነት የጣልኩባትን ልጅ ባመንኳት ቁጥር ቀጣኋት፤ ያልታመኑት፣ እንቅልፋሙና ስልክ ስታወራ የነበረችው፣ ሰማንያ ነጥብ ይዘው ይመዘናሉ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ "ማሽኑ ነው የኔ ልጅ" ያልኩት ነው። የኔ ልጅ ማለቴ።

ቢሆንም ያ ነገር ንጹሕ ነው አልልም። ዝም ሲሉት ክፉውን የሚገምት ነገር ማን ሠራ? እሱንም እጠይቃለሁ። ግን በተራው።

ሳምንት 11፣ ማክሰኞ

ጉንዳን ትናንትም ዛሬም አልመጣችም። ጓደኞቿን ጠይቄ ወንድሟ ጋ ሄድኩ። አናጢ ቤቱ ከመኪና ዘይት መሸጫው ጀርባ ነው፤ በሩ ላይ ያልተቀቡ ቁም ሳጥኖች ተደርድረዋል። መላጊያውን አስቀምጦ ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም።

"የእህትህ አስተማሪ ነኝ" አልኩት።

ስልኩን ከኪሱ አወጣና ዘረጋልኝ። "እንግዲያው ይሄን ያስረዱኝ።" ሃያ ስድስት መልእክት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። *ተማሪዎ ዛሬ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ቆይታለች። ምክንያት፦ ሌላ።* "ሌላው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት እሳት እየጠበቅኩ ነው ትለኛለች። እሳት ይጠበቃል እንዴ? ጅል መሰልኳት አልኩ። አንድ ቀን እጄን ሰነዘርኩባት። አድርጌው የማላውቀውን።"

"እውነቷን ነው የነገረችህ። እሳት እየጠበቀች ነበር። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት። ሌላ ብዬ የላክሁልህም እኔ ነኝ።"

"አሁን ነው የሚነግሩኝ?"

"አሁን ነው።"

መላጊያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። "ለእሷ ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል" አለ። "ወንድ ጋ ታመሻለች ብዬ እኔው ነኝ የተናገርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እንዴት ልመልሰው?" ፊቱን ወደ ጣውላው አዞረ።

ከተደረደረው ጣውላ ኋላ ብቅ አለች። መጥረጊያ ይዛለች። ሁሉንም ሰምታለች።

"ማሽኑ ነው ብለውኝ ነበር ቲቸር።"

"ብዬሽ ነበር።"

"ሁለቴ ጠየቅኩዎት።"

"ሁለቴ።"

"ጓደኞቼ ማስታወሻ የሚጻፍበት ሳጥን ነበረ ይላሉ፣ እውነት ነው? አይተውት ነበር?"

"አይቼዋለሁ።"

መጥረጓን ቀጠለች። እግሬ ሥር ስትደርስ ለማንኛውም መንገደኛ እንደምትል "ይለፉ" አለችኝ። አለፍኩ።

ሳምንት 12፣ ሰኞ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተር አልተጨመረበትም ነበር። ከሰባት ቀን ያለፈ ምዝገባ ይቆለፋል። የሚከፈተው ያስገባው መምህር ለእያንዳንዱ ቀን ቅጽ ሞልቶ "የተሳሳተ መረጃ በቸልተኝነት አስገብቻለሁ" ብሎ ሲፈርም ብቻ ነው። ከሦስት ቅጽ በላይ የፈረመ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ለሁለት ዓመትም ለኃላፊነት አይወዳደርም።

ምክትሉ በሩን ዘጋና ወንበሩን አስጠጋ። "እትዬ፣ እንደ ልጅዎ ልምከርዎት። ቦታው የእርስዎ ነው፣ ውጤቱን አይቻለሁ። ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት ትመዘን። አንድ ዓመት ምንም አይደለም።"

"ለማን ነው ምንም ያልሆነው?"

"እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው።"

"አንተም ጉንዳን በተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀምጠህ እሳት ጠብቀሃል። የዚያን ጊዜ ወደ እናትህ 'ልጅሽ አመሸ፣ ሌላ ነው' ብዬ ብልክ ኖሮ ዛሬ ይህ ጠረጴዛ የት ነበር? ቅጹን አምጣ።"

ሃያ ስድስት ቅጽ። ጣቴ እስኪደነዝዝ ፈረምኩ። ከእያንዳንዱ ፊርማ ሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ በእጄ ጻፍኩበት፦ "በዚህ ቀን ይህች ተማሪ ሕንፃው እንዳይቃጠል ተቀምጣ ነበር።" ሃያ ስድስት ጊዜ።

"ጠርዝ ላይ መጻፍ አይፈቀድም" አለኝ።

"እንግዲህ ለእኔም ነጥብ ቀንስልኝ" አልኩት።

ማታ ባሌ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ አንብቦ እንደ ሁልጊዜው ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። አልቀለደም። "ከበደሽ?" አለኝ። ከበደኝ አልኩት።

ሳምንት 13፣ ረቡዕ

ምዘና። ነጥቡ ተመልሶላት ጉንዳን ልትመዘን መጣች፤ ወንድሟ እስከ በር ሸኛት፣ ቦርሳዋን ይዞላት። ለእኔ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ እሷ እንዳላየች አለፈችኝ።

አስተማሪ መግባት ስለማይፈቀድለት በመስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ድምፁን ሰማሁ። ጥሩ ብየዳ አይቆራረጥም፣ ዘይት ላይ እንደተጣለ ነገር እኩል ይንጫጫል። የእሷ እኩል ነበር። ከዚያ መዛኙ ብረቱን በመጭመቂያ ውስጥ አስገብቶ አጠፈው፤ ብየዳው ከተሰነጠቀ ወድቃለች ማለት ነው። መዛኙ በጣቱ ዳበሰው፣ አገላበጠው፣ ለባልደረባው አቀበለው። አልተሰነጠቀም።

ሳምንት 14፣ ዓርብ

የኃላፊነቱን ቦታ የኤሌክትሪኩ መምህር አገኘ። ግድ የለኝም ስል ከርሜ ነበር። ግድ ነበረኝ። ሦስት ቀን ከፋኝ፣ አለፈ።

በመዝጊያው ስብሰባ ምክትሉ "እሳት ጥበቃ" የሚል ምርጫ መጨመሩን በደስታ አበሰረ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ አመሰግናለሁ እንድል።

"ጥሩ ነው" አልኩ። "ነገ ደግሞ ያላሰባችሁት ሌላ ነገር ይመጣል። እኔ ከእንግዲህ በር ላይ ቆሜ በአፌ የማልናገረውን ቃል ወደ ሰው ቤት አልልክም። መልእክቱ አስተማሪው ሙሉውን ሳይጽፍ መሄዱ እስኪቆም ድረስ በወረቀት ነው የምመዘግበው፣ ከነምክንያቱ፣ ከነፊርማዬ።"

"ይህ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ያመጣል" አለኝ።

"ማስቀመጫ ፋይል አለኝ።"

በዚህ ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ስንወጣ ግን የልብስ ስፌቷ መምህርት አጠገቤ መጥታ፣ ወረቀት የሚሸጠው የትኛው ሱቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ዕረፍት፣ ማክሰኞ

ወርክሾፑን ሳጸዳ ጉንዳን መጣች። የሙያ ፈቃዷን ይዛለች። በሩ ላይ ቆመች፣ ወደ ውስጥ አልገባችም።

"አመሰግናለሁ አልልዎትም" አለችኝ።

"አትበይ።"

"የታንከር መጠገኛ ፋብሪካ ሊቀጥረኝ ነው። ከአስተማሪዬ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። እርስዎ ይጻፉልኝ። ግን ሙሉውን ይጻፉ።"

ተቀምጬ ጻፍኩ። ሃያ ስድስቱን ቀን ጻፍኩ፣ ጨርቁን እያነሳች ማሽተቷን ጻፍኩ፣ ያልተሰነጠቀውን ብረት ጻፍኩ፣ በእኔ ስህተት የደረሰባትንም ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሞላ። እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ወረቀቱን ወስዳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። አልቸኮለችም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና በጥቁር ጣቷ አንድ መስመር ላይ ነካች።

"ይሄን ያውጡልኝ" አለችኝ።

"ታዛዥ ናት" የሚለው ነበር። ሰረዝኩት።